ሌሊት ሌሊት ባትሪ የሚበላውን ማግኛ፦ በራስ ግቢ የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ዓርብ ማታ ደህና ገብቶ የቆመ መኪና ሰኞ ንጋት ላይ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤት ይቀሰቀሳል፣ መኪና ይገፋል፣ ሥራ ይረፍዳል። ከዚያ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ይላል።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። እዚህም ሆነ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው መኪና ጠዋት አልነሳም ማለት የቀኑ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ብዙዎች በራሳቸው ለመፈለግ ሲሞክሩ አያለሁ፤ የሚሳሳቱትም ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ባትሪው ራሱ ጤነኛ መሆኑን ሳያረጋግጡ ፊውዝ መንቀል ይጀምራሉ። ሁለተኛ፣ መኪናው ሳይተኛ፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹ ገና ሳያርፉ፣ ይለካሉ። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፤ አንዱን ደረጃ መዝለል ሌላውን ልኬት ዋጋ ያሳጣዋል።

ሥራው አንድ ሌሊት እና አንድ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ዝናብ የሌለበት ቀን ምረጡ።

ይህ መመሪያ የማይሆንላቸው መኪናዎች

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱና ሃይብሪድ መኪናዎችም ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱም ይወርዳል። ነገር ግን እነዚህ መኪናዎች ውስጥ ሰው የሚገድል ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ብርቱካንማ ገመዶች አሉ። የእናንተ እንዲህ ያለ ከሆነ ከደረጃ 1 አትለፉ፤ ባትሪውን ለክታችሁ ቀሪውን ለሠለጠነ ባለሙያ ስጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እስከ 10 አምፔር የሚለካ ቴስተር። ርካሹ ቢጫ ቴስተርም ይሠራል፤ ግን የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም፣ ብዙ ኮረንት ካለፈበትም ይቃጠላል።
- ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት። ቴስተራችሁን የሚያተርፈው ይህ ነው።
- ወፈር ያለ አጭር ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ መቆንጠጫ ያለው። ከዚህ በኋላ «ድልድይ» እለዋለሁ።
- ለቴስተሩ ጫፎች ሁለት መቆንጠጫዎች። በእጅ ይዛችሁ አርባ ደቂቃ መቆም አትችሉም።
- 10 ቁጥር ቁልፍ፣ የፊውዝ መንቀያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር።

ከመንካታችሁ በፊት

ቀለበት፣ ሰዓትና የእጅ አምባር አውልቁ። የባትሪውን ሁለት ጫፍ ያገናኘ ቀለበት በሰከንዶች ውስጥ ቀይ ፍም ይሆናል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ሲጋራ አታጭሱ፣ ክብሪትም አትጫሩ። ባትሪ ስትፈቱ ሁልጊዜ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፤ ስትመልሱ ኔጋቲቩን አስከትሉ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ከፈታችሁ የምትፈቱበት ቁልፍ አንድ ጊዜ የመኪናውን ብረት ቢነካ በቂ ነው፤ ብልጭታው ዓይን ላይ ሊደርስ ይችላል።

ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን አስቀድማችሁ ያዙ። የሁለቱንም የፊውዝ ሳጥኖች ፎቶ አንሱ፤ በኋላ የትኛው ፊውዝ የት እንደነበር የሚያስታውሳችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

## ደረጃ 1፦ ባትሪውን ከተጠርጣሪነት አውጡ

1. ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ አድርጉት። መኪናውን ለግማሽ ሰዓት አስነስቶ ማቆም ሙሉ አያደርገውም።
2. ከቻርጀር አላቅቃችሁ ቢያንስ አራት ሰዓት ይረፍ። ወዲያው ከለካችሁ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይሆናል።
3. ቴስተሩን በ20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች ለኩ። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው።
4. ማታ ኔጋቲቩን ፍቱና ባትሪውን ብቻውን አሳድሩት። ጠዋት እንደገና ለኩ።

ከምንም ነገር ሳይገናኝ ያደረ ባትሪ ከ12.6 ወደ 12.2 ከወረደ የሚበላው ነገር ውስጡ ነው፤ አንዱ ክፍል ተበላሽቷል። ፍለጋው እዚህ ያበቃል፣ ባትሪ ይቀየራል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ወደ ፊት ቀጥሉ።

የባትሪውን ራስም ተመልከቱ። አቧራና አሲድ ተደባልቀው የሚጋግሩት እርጥብ ቆሻሻ ራሱ ኮረንት ያሾልካል። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን በባትሪው ፕላስቲክ ራስ ላይ አድርጉ። ፕላስቲክ ላይ ቮልት ካነበባችሁ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት። የባትሪው ክዳኖች መዘጋታቸውን አረጋግጡ፤ ሶዳው ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሻል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ አሲድ መጨመር ደግሞ ከዚያ የባሰ ጥፋት ነው።

## ደረጃ 2፦ ዲናሞው እየሞላ ነው?

ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ነው። ኔጋቲቩን መልሳችሁ እሰሩ፣ ሞተሩን አስነሱና የባትሪውን ጫፎች ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ማንበብ አለባችሁ። ትልቁን መብራትና የአየር ማራገቢያውን አብሩ፤ ጋዝ ትንሽ ሰጥታችሁ ቁጥሩ ከ13.5 በላይ መቆየት አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው፣ ቀበቶው ወይም ገመዱ ላይ ችግር አለ። ባትሪያችሁ ሌሊት እየተበላ ሳይሆን ቀን ሳይሞላ እያደረ ነው።

አጭር ጉዞም እንዲሁ ያደርጋል። ከቤት እስከ ልጆች ትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ፣ መልስ አሥር ደቂቃ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ መንገዱም ተዘጋግቶ ከሆነ ባትሪው ለማስነሳት ያወጣውን እንኳ ላይመልስ ይችላል። አነዳዳችሁ እንዲህ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ቻርጅ አድርጉና ለውጥ መኖሩን እዩ።

## ደረጃ 3፦ መኪናውን ለእንቅልፍ አዘጋጁ

የዛሬ መኪና ቁልፍ ሲወጣ ወዲያው አይተኛም። በር በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ ይነቃሉ፤ እስኪተኙም ድረስ ኮረንት ይጠጣሉ። ስለዚህ እየሠራችሁ ሳለ መኪናው «በሮቼ ተዘግተዋል» ብሎ ማመን አለበት።

1. የሹፌሩን በር መስኮት ሙሉ በሙሉ አውርዱ። ባትሪው ሲፈታና ሲታሰር በሩ ራሱን ሊቆልፍ ይችላል።
2. ኮፈኑን ክፈቱ። የሹፌሩን በር፣ የኋላውንም የዕቃ መጫኛ ክፍል ክፈቱ።
3. በተከፈተው በር ጠርዝ ላይ ያለውን መቆለፊያ ምላስ በመፍቻ ገፍታችሁ እንደተዘጋ አድርጉት። የውስጡ መብራት መጥፋት አለበት። ለዕቃ መጫኛውም ለኮፈኑም እንዲሁ አድርጉ። በሩ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ የጎማ ቁልፍ ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ ቁልፉን ተጭናችሁ በናስትሮ ለጥፉት።
4. ቁልፉን አውጥታችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ቁልፍ ሳይገባ የሚነሳ መኪና ቁልፉ አጠገቡ ካለ አይተኛም።
5. ሲጋራ ማቀጣጠያው ቀዳዳ ላይ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ወይም ካሜራ ካለ አትንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚያድር ከሆነ እሱም ተጠርጣሪ ነው፤ መኪናው በየሌሊቱ እንደሚያድር ሆኖ መለካት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት እጀታውን ስባችሁ ምላሱን መልሱት። ምላሱ እንደተቆለፈ በሩን በኃይል የዘጋ ሰው መቆለፊያውን ይሰብራል። እኔ ናስትሮ ቀድጄ እጀታው ላይ እለጥፋለሁ፣ እንዳልረሳ።

## ደረጃ 4፦ በመጀመሪያ አምፖሉ፣ ከዚያ ቴስተሩ

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ፣ ሌላውን ከተፈታው ገመድ ጋር አገናኙ። አምፖሉ በመጀመሪያ ሊበራ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

- ደምቆ ከበራና ካልቀነሰ፣ ከአንድ አምፔር በላይ እየሄደ ነው። ቴስተሩን አትግጠሙ። መኪናውን ዙሩ፤ የበራ መብራት፣ የሚሽከረከር ማራገቢያ፣ የሚንሾካሾክ ሬዲዮ ፈልጉ።
- ደብዝዞ ከቀረ ወይም ጨርሶ ከጠፋ፣ ለቴስተሩ አስጊ አይደለም። ቀጥሉ።

አሁን አምፖሉን ሳታነሱ ድልድዩን ከጎኑ ግጠሙ፤ አንዱ መቆንጠጫ ባትሪው ጫፍ ላይ፣ ሌላው ገመዱ ላይ። ከዚያ አምፖሉን አንሱ። መኪናው ሙሉ ኮረንት እያገኘ ነው፣ ምንም አልተቋረጠበትም።

ቴስተሩን አዘጋጁ፦ ጥቁሩ ሽቦ በጋራው ቀዳዳ፣ ቀዩ 10 አምፔር በተባለው ቀዳዳ፣ መደወያው 10 አምፔር ዲሲ ላይ። ጥቁሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ፣ ቀዩን ከገመዱ ጋር በመቆንጠጫ እሰሩ። ድልድዩ እንዳለ ይቆይ። ኮረንቱ በወፍራሙ ድልድይ ስለሚያልፍ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ያነባል፤ ይህ ትክክል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ድልድዩ በሌለበት፣ ቴስተሩ ብቻ ተገጥሞ ሳለ ቁልፍ አታዙሩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ ቴስተሩ እዚያው ያበቃለታል። ቀዩን ሽቦ ወደ ሚሊአምፔሩ ቀዳዳም አትቀይሩ። የዚያ ቀዳዳ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 0.2 አምፔር ብቻ ነው፤ አንድ በር ሲከፈት ይቃጠላል።

## ደረጃ 5፦ ጠብቁ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሠራ ነገር የለውም። ሂዱ፣ ቡና ጠጡ። አሮጌ ባለ ካርቡሬተር መኪና ወዲያው ይተኛል። በኮምፒውተር የሚሠራው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ፣ አንዳንዱ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ጊዜው ሲያልፍ ድልድዩን አንሱና አንብቡ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ጻፉ። ጤነኛ መኪና ላይ የምታዩት አወራረድ ለምሳሌ 0.90፣ ከዚያ 0.40፣ ከዚያ 0.03 አምፔር ነው፤ እዚያም ይቆማል። ከ0.05 አምፔር በታች የቆመ ልኬት ለአብዛኛው መኪና ደህና ነው፤ ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማህደርና የማንቂያ ደወሉ የሚጠጡት ነው። ከ0.1 በላይ የቆመ ልኬት ሌባ፣ ማለትም ኮረንት የሚበላ ነገር፣ አለው። በሁለቱ መካከል ያለው የሚያስቸግረው መኪናው ከሳምንት በላይ ሲቆም ነው።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በወረቀት አስሉት። ባትሪያችሁ 60 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ 0.03 አምፔር በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ ሦስት ሳምንት ቢቆም እንኳ ሩቡን ያህል ነው የሚጨርሰው። አንዲት ባለ 5 ዋት አምፖል ግን 0.4 አምፔር ገደማ ትወስዳለች፣ በቀን ወደ 10 አምፔር ሰዓት። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ባትሪ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ መስኮቱን በሚያነጣበት ጠዋት፣ ብርድ የባትሪውን ጉልበት ስለሚቀንስና የሞተሩን ዘይት ስለሚያወፍር በግማሽ ባትሪ አይነሳም። ግንቦት ላይ የማይታይ ሌባ ታኅሣሥ ላይ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ ከተኛ በኋላ በየጥቂት ደቂቃው ዘሎ ከተመለሰ አንድ ነገር መኪናውን እየቀሰቀሰው ነው። የጂፒኤስ መከታተያ በየተወሰነ ጊዜ አድራሻ ስለሚልክ እንዲህ ያደርጋል። መካኒክ የመኪናውን ኮምፒውተር በሚመረምርበት ሶኬት ላይ ተሰክቶ የተረሳ መሣሪያም እንዲሁ። የሚዘልበትን የጊዜ ልዩነት ጻፉ፤ በኋላ ይጠቅማል።

የለካችሁት ደህና ሆኖ ባትሪው ግን መውረዱን ካላቆመ መኪናውን እንደ ማታው ቆልፋችሁ፣ ማንቂያውንም አብርታችሁ ደግማችሁ ለኩ። በዚህ ጊዜ መስኮቱ ለገመዱ ማለፊያ ያህል ብቻ ክፍት ይሁን። ቆልፈው ሲሄዱ ብቻ የሚሠራ ሌባ አለ።

## ደረጃ 6፦ ፊውዞቹን ሳትነቅሉ ለኩ

የተለመደው ዘዴ ፊውዝ እየነቀሉ ቁጥሩን ማየት ነው። ለአሮጌ መኪና ጥሩ ነው። በአዲሱ ላይ ግን አንድ ፊውዝ ተነቅሎ ሲመለስ ኮምፒውተር ይነቃል፤ ከዚያ እንደገና አርባ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከዚህ የተሻለው እነሆ፦

1. ድልድዩን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ቴስተሩን አላቅቁ።
2. የቴስተሩን ቀይ ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱ። መደወያውን 200 ሚሊቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቀዩን አምፔር ቀዳዳ ላይ ረስቶ ቮልት የሚለካ ሰው በፊውዙ ትይዩ አጭር መንገድ ይከፍታል።
3. በእያንዳንዱ ፊውዝ ራስ ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች ይታያሉ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በሁለቱ ነጥቦች ላይ አስነኩ።
4. 0.0 ካነበባችሁ በዚያ ፊውዝ ኮረንት አያልፍም። 0.2፣ 0.7፣ 3.0 ወይም ሌላ ቁጥር ካያችሁ እያለፈ ነው። የፊውዙን ቁጥርና ያነበባችሁትን ጻፉ።
5. የኮፈኑን ሳጥን ከጨረሳችሁ በኋላ ከመሪው በታች ያለውን ሳጥን ቀጥሉ።

ትልልቅ ፊውዞች ለተመሳሳይ ኮረንት ያነሰ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ባለ 30 ላይ ያለ 0.7 እና ባለ 10 ላይ ያለ 3.0 አንድ ያህል ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ሦስት ፊውዝ ላይ ትንሽ ቁጥር ማየትም ያለ ነው፤ የሰዓቱና የማንቂያው መስመር ነው። ጎላ ያለውን ያዙ።

ማረጋገጫው፦ ቴስተሩን በደረጃ 4 እንደነበረው መልሳችሁ በአምፔር ግጠሙ፣ ድልድዩን አንሱ፣ የተጠረጠረውን ፊውዝ ብቻ ንቀሉ። ቁጥሩ ከ0.4 ወደ 0.03 ከወደቀ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው።

## ደረጃ 7፦ መስመሩን ከፋፍሉ

አንድ ፊውዝ ብዙ ነገር ይመግባል። የውስጥ መብራት፣ የእጅ ዕቃ ሳጥን መብራት፣ ሬዲዮና የበር ቁልፍ በአንድ ፊውዝ ሊሄዱ ይችላሉ። ፊውዙን መልሱና በዚያ መስመር ላይ ያለውን አንድ በአንድ ከሶኬቱ ንቀሉ፣ በእያንዳንዱ ቁጥሩን እያያችሁ። ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ሶኬት ያለውን ሽቦ ግን አትንኩ፤ የአየር ከረጢቱ መስመር ነው።

በእኔ ልምድ በቅድሚያ መታየት ያለበት ፋብሪካው ያልገጠመው፣ ከጊዜ በኋላ የተገጠመ ነገር ሁሉ ነው። ብዙውን ጊዜ ያገኘሁትን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

ሬዲዮ። በኋላ የሚገጠሙ ሬዲዮዎች ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኮረንት የሚያገኝ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚያገኝ መሆን አለበት። «ያለ ቁልፍም እንዲሠራ» ብሎ የሚጠይቅ ባለ መኪና አለ፤ ገጣሚውም ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልላል። ማያው ይጠፋል፣ ውስጡ ግን አይተኛም። ሬዲዮውን ስባችሁ ጀርባውን እዩ፤ ቀይና ቢጫ ተጠምዘው ካገኛችኋቸው አገኛችሁት። ለያዩዋቸው፣ ቀዩን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኮረንት ወዳለው ሽቦ ውሰዱ።

ማንቂያ ደወልና ጂፒኤስ። አብዛኛውን ጊዜ ከባትሪው ወይም ከቁልፉ ጀርባ በቀጥታ የተጠለፉ ናቸው። ሽቦውን ተከትላችሁ ትንሹን ፊውዙን ፈልጉና ንቀሉት። ጂፒኤሱ የመሥሪያ ቤት ወይም የማኅበር ንብረት ከሆነ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትንኩት።

የተደበቁ መብራቶች። የእጅ ዕቃ ሳጥኑ ክዳን ሲዘጋ መብራቱ መጥፋቱን እንዴት ታያላችሁ? ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ አስገቡና ዝጉት። ለዕቃ መጫኛውም እንዲሁ። ስትከፍቱ አምፖሉን በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩ፤ ከሞቀ በርቶ ነበር።

የፍሬን መብራት። ጎረቤቴ ኮሮላ አለው። አንዳንድ ጠዋት ይነሳል፣ አንዳንድ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው፤ በአንድ ክረምት ሁለት ባትሪ ገዛ። ማታ ልብስ ያለብሰዋል፣ ጀርባውንም ለግድግዳ ሰጥቶ ያቆመዋል፤ ዘበኛውም እኛም ምንም አላየንም። አምፖሌን ስገጥም ደምቆ በራ። ጎንበስ ብዬ በእጅ ባትሪ ከፔዳሉ ሥር ስመለከት ምንጣፉ ላይ ደረቅ ፍርፋሪ አገኘሁ፤ በጣቴ ስጫነው እንደ ደረቅ አይብ ፈረሰ። ፔዳሉ ላይ ያለች፣ የፍሬኑን ማብሪያ የምትጫን ትንሽ የጎማ ትራስ ነበረች። እሷ ስትፈርስ ማብሪያው ባዶው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ መብራቱም በርቶ ያድራል። ማብሪያው የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ካረፈ ደግሞ ይጠፋል፤ ለዚህ ነበር ሌሊቱ የሚለያየው። ሁለቱ አምፖሎች 42 ዋት ናቸው፣ 3.5 አምፔር፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት 42 አምፔር ሰዓት ይወስዳሉ። ቀዳዳው ውስጥ ብሎን አስገብተን በዳዶ አሰርነው፣ ትራሷ እስክትገኝ ድረስ። ፍርፋሪውን ለሳምንታት ሲጠርገው እንደነበረ በኋላ ነገረኝ።

የተጣበቀ ሪሌ። ሪሌ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ነው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሪሌዎች አንድ በአንድ ንኩ። ቀዝቃዛ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከሞቀ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ ጋር አቀያይሩና እንደገና ለኩ።

## ደረጃ 8፦ ሁሉም ፊውዝ ንጹሕ ከሆነ

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳለ የትኛውም ፊውዝ ምንም ካላሳየ፣ ኮረንቱ በሳጥኑ በኩል አያልፍም። ሁለት ነገር ይቀራል።

አንደኛው ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ የተጠለፈ ሽቦ ነው። ፖዘቲቩ ላይ የታሰሩትን ቀጫጭን ሽቦዎች ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ወዴት እንደሚሄድ በእጃችሁ ተከተሉት። የተጨማሪ መብራት፣ የድምፅ ማጉያ፣ የጡሩምባ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዲናሞው ነው። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኮረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ አለባቸው፤ አንዱ ሲበላሽ ባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈስሳል። ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ካደረ በኋላ፣ ዲናሞውን በእጃችሁ ዳስሱ። የሞተሩ ብረት ቀዝቅዞ ዲናሞው ለብ ካለ ሌባው ተገኘ። ለማረጋገጥ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሙሉ በሙሉ ፍቱ፣ ድልድዩንም ቴስተሩንም አንሱ። የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍታችሁ ጫፉን በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉ፣ ከብረት አርቁት። ከዚያ በደረጃ 4 መሠረት እንደገና ግጠሙና ለኩ። ቁጥሩ ከወደቀ ዲናሞው ለጥገና ይወርዳል። ሽቦው ተፈትቶ ሳለ ሞተር አታስነሱ።

## አንድ ነገር ሲበላሽ

ቴስተሩ 0.00 ብቻ ካሳየ። ጤነኛ መኪና እንኳ ሰዓት አለው፤ ፍጹም ዜሮ አጠራጣሪ ነው። ድልድዩ መነሳቱን እዩ። ከተነሳ፣ ያንን ባለ 21 ዋት አምፖል ከባትሪው ጋር በቴስተሩ በኩል አገናኙ፤ 1.7 አምፔር ገደማ ካላነበበ ቴስተሩ ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል፣ አለዚያም ሽቦው ቀዳዳ ተሳስቷል።

ባትሪው ሲታሰር ደወሉ ከጮኸ። አትደንግጡ፣ ድልድዩን አትንቀሉ። በቁልፉ አጥፉትና እንቅልፉን ከመጀመሪያ ጠብቁ።

ስትመልሱ ትንሽ ብልጭታ ካያችሁ የተለመደ ነው። ትልቅ ብልጭታ፣ ከድምፅ ጋር፣ ከሆነ ግን አንድ ነገር በርቷል ወይም ሽቦ ብረት ነክቷል፤ ቁሙና አምፖሉን ግጠሙ።

ከሥራው በኋላ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ቢንቀጠቀጥ ወይም መስኮቱ በአንድ ንክኪ አልዘጋ ቢል። ኮምፒውተሩ የተማረውን ረስቷል። መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ መስኮቱን እስከ መጨረሻ ዘግታችሁ የመስኮቱን ማብሪያ ጥቂት ሰከንድ ይዛችሁ ቆዩ። በአብዛኛው ይመለሳል።

ፊውዝ ከተቃጠለ በተመሳሳይ ቁጥር ብቻ ተኩ። የፊውዝ ሳጥን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ማስገባት በየመንገዱ ይታያል። ቀጣዩ የሚቃጠለው ገመዱ ነው፣ ከገመዱ ቀጥሎ መኪናው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱበት መኪና ነውና እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

## ደረጃ 9፦ ማረጋገጫ ሌሊት

ያገኛችሁትን ካስተካከላችሁ በኋላ ደረጃ 3፣ 4 እና 5ን ድገሙ። ሌቦች ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ትልቁ ትንሹን ይሸፍነዋል። ልኬቱ ከ0.05 በታች ሲቆም ባትሪውን ሙሉ አድርጉ፣ አሳርፉ፣ ማታ ለኩ፣ ኔጋቲቩን ሳትፈቱ መኪናውን እንደ ወትሮው ቆልፉና እደሩ። ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ፣ በር ሳትከፍቱ ብትችሉ ይመረጣል፣ ለኩ። 12.6 የነበረው 12.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጨርሳችኋል።

ደጋግሞ ባዶ የሆነ ባትሪ ግን ሌባው ከተያዘ በኋላም ቀድሞ ወደነበረው አቅሙ ላይመለስ ይችላል። ሞተር ሲነሳ ሌላ ሰው ቮልቱን ይመልከት፤ ሙሉ ሆኖ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ መቀየሩ አይቀርም። አሁን የምትገዙት አዲስ ባትሪ ይቆይላችኋል።

ሌባው ካልተገኘ

እስከዚያው ድረስ ኔጋቲቩ ላይ የሚገጠም ማቋረጫ ማብሪያ ይረዳል። ማታ ይጠፋል፣ ጠዋት ይበራል። ማንቂያ ደወሉም አብሮ እንደሚጠፋ አስቡ፤ ግቢ ለሌለው ሰው አልመክርም።

ወደ ኤሌክትሪሺያን ስትሄዱ «ባትሪ ይበላል» ብቻ አትበሉ። ወረቀቱን ስጡት፦ ባትሪው ብቻውን አድሮ ስንት እንዳነበበ፣ ዲናሞው ስንት እንደሚሰጥ፣ መኪናው ከተኛ በኋላ ስንት አምፔር እንደቆመ፣ የትኛው ፊውዝ ላይ ስንት ሚሊቮልት እንዳያችሁ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚዘል፣ በኋላ የተገጠመው ነገር ምን እንደሆነና ማን እንደገጠመው። መኪናውንም ከጠዋት ጀምሮ እዚያው እንዲቆይ አድርጉ፤ እሱም ቢሆን እስኪተኛ መጠበቅ አለበት።